አፍ የሌላቸው ጥገኞች

ለተከበሩ የተቋማችን የአስተዳደር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእንቁራሪት ቤት ስላሉ ጥገኞች የተሰጠውን ውሳኔ በታላቅ አክብሮት አለመቀበልን ይመለከታል

ክቡር ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ፊርማዎ የደመቀ፣ እንቅልፍዎ እንደ ሕሊናዎ ያልተነካ፣ ወንበርዎም እስከ ዛሬ እንደተሸከመዎት ሁሉ ወደፊትም ሳይሰለች የሚሸከምዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ በእንቁራሪት ቤት የምንገኝ ሁሉ፣ ሰዎቹም፣ እንቁራሪቶቹም፣ በእንቁራሪቶቹ ሆድ ውስጥ ያሉትም፣ ለጊዜው ደኅና ነን። ለጊዜው ማለቴ በላኩልን ደብዳቤ መሠረት ደኅንነታችን የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ከመላክ ይልቅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። አሽጌ ከላክኋቸው መካከል አንዱ ብቻ መልስ አግኝቶ የቀሩት ከቢሮዎ ሲወጡ ያየ ሰው ስለሌለ፣ ምናልባት እዚያው በጥገኝነት ተቀምጠው ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ ለጥገኛ ያለዎትን አመለካከት ስለማውቅም ተጨማሪ ነዋሪ ላመጣብዎ አልፈለግሁም።

ሰሌዳው ፊት ቆመው ለሚያነቡና ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው ሰዎች ጥቂት ላስረዳ። እኔ የተቋሙ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬም በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትን በማይክሮስኮፕ እያየሁ ጎጂውን ከገሩ መለየት ነው። እንቁራሪት ቤት የምንለው ደግሞ ከግቢው ጀርባ ያለውን፣ የውሃ ገንዳዎች የተደረደሩበትን ረጅም ቤት ነው። ከቆዳቸው የሚወጣው ፈሳሽ ቁስል ያደርቅ እንደሆነ የሚጠናባቸው እንቁራሪቶች የሚኖሩት እዚያ ነው። ከገንዳው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ የሠራተኛ መኖሪያ ክፍሎች ስላሉም፣ ከጊዜ ብዛት ከግድግዳው ወዲህም ወዲያም ያለው ሁሉ በአንድ ስም እንቁራሪት ቤት ተብሎ ቀረ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ዛሬም ከእናቴ ጋር የምኖረው እዚያው ነው።

ባለፈው ወር ከወንዝ የተያዙ አዳዲስ እንቁራሪቶች ከነባሮቹ ጋር ሊቀላቀሉ ስለሆነ፣ በነባሮቹ ሆድ ምን ምን ጥገኛ እንዳለ አጥኚ ተባልኩ፤ አጠናሁ፤ ጻፍኩም። ለአስተዳደር በሚላከው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ሥራ የሚበዛበትን ሰው እንዳላሰለች በማለት አሳጥሬ፣ ቃል በቃል እንዲህ ብዬ ነበር፦

«በእንቁራሪት ቤት ነባር ጥገኞች በብዛት ይገኛሉ። አብዛኞቹ አስተናጋጃቸው ከሚመገበው እየተካፈሉ የሚኖሩ፣ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የማያደርሱ ናቸው። አፍ የላቸውም። ባሉበት ቢቆዩ ችግር የለም፤ ከውጭ የሚገቡት ግን አስቀድመው ተለይተው ይመርመሩ።»

በእኛ ሙያ ጥገኛ ማለት በሌላ ፍጥረት ገላ ላይ ወይም ውስጥ የሚኖር ማንኛውም ፍጥረት ነው፤ አስተናጋጅ የሚባለውም ያ ያስጠጋው ነው። እኔ ያመሰገንኩት ነባር ጥገኛ ኦፓሊና ይባላል። በእንቁራሪት አንጀት ጫፍ ላይ የሚኖር፣ ገላው በሙሉ በረቂቅ ፀጉር የተሸፈነ ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፀጉሩ ነፋስ እንደነካው ሣር ተራ በተራ እየተኛ እየተነሣ ይንሸራተታል። አፍ የለውም ስልም አፍ የለውም ማለቴ ነው፤ የሚመገበው በገላው እየመጠጠ ነው። በቤቶች ክፍል ቅጽ ላይ ግን ጥገኛ ማለት በሠራተኛው ደመወዝ የሚተዳደር የቤተሰብ አባል ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ፊደል ስላላቸው ብቻ አንድ ደብተር ላይ ይገባሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር፤ ይህ የእርስዎን ተሰጥዖ አሳንሶ ማየቴ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ምክንያቱም ከሳምንት በኋላ በእያንዳንዱ ክፍል በር ሥር እንዲህ የሚል ደብዳቤዎ ተወርውሮ ተገኘ፦ «በባለሙያ ጥናት እንደተረጋገጠው በእንቁራሪት ቤት ነባር ጥገኞች በብዛት ሰፍረው የሠራተኛውን ምግብ እየተካፈሉ የሚኖሩ በመሆኑ፣ ተቃውሞ የማያቀርቡ ስለመሆናቸውም በጥናቱ የተገለጸ በመሆኑ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ግቢውን ለቀው እንዲወጡ ተወስኗል።»

ደብዳቤውን ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጥላ ማን እንደፈረመበት ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ዝም አለች፤ ብዙ ዝም አለች። ስለዚያ ዝምታ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። እስከዚያው ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ) የመጀመሪያው ንባብን ይመለከታል። የሪፖርቱን ሁለተኛ ገጽ ገልጠው ቢሆን ኖሮ፣ የተባሉት ነባሮች የሚኖሩት በእንቁራሪት አንጀት ጫፍ መሆኑን ባዩ ነበር፤ እዚያ አልጋ ዘርግቶ የሚኖር የሠራተኛ ቤተሰብ ደግሞ እስካሁን አልተመዘገበም። ሥዕልም ነበረው፤ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ የሳልኩት ነው። ሥዕሉ ከማናችንም ዘመድ ጋር እንደማይመሳሰል ላረጋግጥልዎ እችላለሁ፤ የበረኛው አማች ብቻ ከጎን ሲታዩ ትንሽ ያጠራጥራሉ። «አፍ የላቸውም» የሚለውን «ተቃውሞ አያቀርቡም» ብሎ የተረጎመው ባለሙያዎ ግን ሽልማት ይገባዋል። አፍ የለውም የተባለ ሰው ምስኪን መሆኑን የማያውቅ የለም። የሚያስደንቀኝ፣ ምስኪኖች ናቸው ተብሎ ሲነገርዎ ቀድሞ የመጣልዎት ሐሳብ ማስወጣት መሆኑ ነው።

፪ኛ) ሁለተኛው እናቴን ይመለከታል፤ ረዘም ስለሚል ወንበርዎን ያመቻቹ።

እናቴ ጉልበት በነበራት ዘመን ሁሉ የዚህን ተቋም ጠርሙስና ብልቃጥ አጥባለች። በእንቁራሪቶቹ ላይ የተጻፈ ጥናት ሁሉ፣ እርስዎ በየስብሰባው የሚያነሡትን ጨምሮ፣ በእሷ እጅ በጠራ ብርጭቆ ውስጥ አልፏል። ያ ክፍል የተሰጠው ለእሷ ነው፤ እኔ የእሷ ጥገኛ ተብዬ ተመዝግቤ አደግሁበት፤ በጠርሙስ አጣቢ ደመወዝ ተምሬም እሷ ታጥባቸው በነበሩት ብልቃጦች የሚሠሩት ሰዎች መካከል ተቀመጥኩ። እሷ ጡረታ ስትወጣና እኔ ስቀጠር የቤቶች ክፍል ጸሐፊ መጣና ስማችንን አገላበጠው። አልጋው ሳይነቃነቅ፣ መጋረጃው ሳይወርድ፣ እሷ ጥገኛ እኔ አስተናጋጅ ሆንን። ያን ቀን ተሳስቀንበታል፤ «እንግዲህ ዛሬ እራቱን አንቺ ነሻ» ብላኝ በጊዜ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ጠፋ። በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ደበዘዘ፤ እሷም እየደበዘዘባት ክፍሉን በእጇ ተማረችው። የደጃፉ ድንጋይ የት ላይ እንደተሸረፈ፣ ቧንቧው ሲዘጋ ወደየት እንደሚጠመዘዝ፣ የቁም ሣጥኑ ማዕዘን የት እንደሚያደባ ታውቃለች። የገንዳው ሞተር የሚያጓራው ራስጌዋ በኩል ነው፤ እንቁራሪቶቹ የሚንጫጩት በሩ በኩል ነው፤ በሁለቱ ድምፅ መካከል እንደልቧ ትመላለሳለች። ወንበሯን ይዛ ትወጣለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ለአላፊ አግዳሚው ስም ታወጣለች፣ ማንንም ሳትለምን ተመልሳ ትገባለች። በዚህ ሁሉ ዓለም ውስጥ የሰው እጅ ሳትይዝ የምትንቀሳቀስበት ቦታ ያ ብቻ ነው።

ሌላ ቤት መከራየት እችላለሁ፤ ደመወዜ ያንን ያህል አያሳፍርም። ግን እናቴን ከዚያ ክፍል ባወጣት፣ ከአልጋ ለመነሣት እኔን መጠበቅ ትጀምራለች፤ እኔ ሥራ ስውል ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች። ደብዳቤዎ ጥገኛ ያላት ሴት ጥገኛ የምትሆነው ያን ጊዜ ነው። ይህን በቀልድ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ አንጀቴ እያረረ ስለጻፍኩት የአጻጻፍ ጉድለት ቢኖርበት እንዲያልፉኝ እለምናለሁ።

፫ኛ) ሦስተኛው እርማትን ይመለከታል። ስሕተቱን እንዳየሁ ጊዜ ሳላጠፋ፣ የጥገኛን ሁለት ትርጉም በትሕትና ለይቼ ጻፍኩልዎ። እንደማንኛውም ሰው «ለካ እንደዚያ ነው!» ብለው ይስቃሉ፣ ደብዳቤውን ይሽራሉ፣ ነገሩም በሻይ ሰዓት የምንተራረብበት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል ብዬ ነበር። የመጣልኝ መልስ እነሆ፦ «ስለ ቃሉ የሰጡት ማብራሪያ ለተቋሙ የዕውቀት ሽግግር ጠቃሚ በመሆኑ እናመሰግናለን። ሆኖም ውሳኔው ጥገኞችን በጥቅሉ የሚመለከት እንጂ የጥገኛን ዓይነት የሚለይ ባለመሆኑ የጸና ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ እሰማ ነበር። የብዕር ወለምታ በክብ ማኅተም እንደሚታሽ ግን ከእርስዎ ተማርኩ። ይህን መልስ ካገኘሁ በኋላ ነገሩ ስሕተት መሆኑ ቀርቷል፤ ስሕተት ማለት ሰው ሳያውቀው የሚሠራው ነውና።

፬ኛ) አራተኛው ግልባጭን ይመለከታል። ከውሳኔዎ ግርጌ «ግልባጭ» ከተባሉት አንዱ የጽዳትና የፀረ ተባይ ክፍል ነበር። እነሱም «ጥገኞችን ስለማስወገድ» የሚለውን ርእስ አይተው እንደ ሙያቸው ተረጎሙት። ስለዚህ አንድ ጠዋት መርጫ ጋን በጀርባው ያዘለ፣ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ሰው በራችንን አንኳኳ። እኔ ልብሴን እየለበስኩ ስለነበር እናቴ ቀድማኝ ከፈተች።

ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቀችው። ጥገኞችን ሊያጠፋ መታዘዙን ነገራት። እናቴም «ጥገኛዋ እኔ ነኝ፤ ግባ፤ ብቻ የታጠበውን ልብስ ላንሣ፣ ትናንት ነው የተሰጣው» አለችው። ሰውየው ወረቀቱን አንዴ፣ እናቴን አንዴ፣ ወረቀቱን እንደገና ካየ በኋላ ጋኑን መሬት አስቀመጠና «እማማ፣ እኔም ያለሁት እህቴ ቤት ነው» አላት። እሷም እንግዲያው ሌላ ሰው መርጫ ይዞ ሳይመጣበት ቶሎ ብሎ እንዲቀመጥ ነገረችው። ተቀምጦ ውሃ ጠጣ። ስለ እህቱ ባል ብዙ አጫወታት፤ የእህቱ ባል ከሪፖርቴ ውስጥ ጎጂ ከተባሉት ወገን ሳይሆን አይቀርም።

ወረቀቱ ከእኛ በኋላ ወደ ገንዳዎቹ እንዲሄድ ያዝዘው ነበር። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በቆዳዋ እንደሆነ፣ ከምትተነፍሰውም ብዙው በቆዳዋ እንደሆነ፣ ስለዚህ ያን ጋን እዚያ ከከፈተው ጥገኛም አስተናጋጅም ጥናትም አብረው እንደሚያልቁ ነገርኩት። ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ ወጣ። ለክፍሉ ባስገባው ሪፖርት ላይ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «በተባለው ቤት ጥገኛ አልተገኘም»። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፈው ሁሉ አንብቤ የተስማማሁበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

፭ኛ) አምስተኛው ቅሬታዬ ስለ አንጀት ነበር፤ ጥገኞች የሚኖሩት አንጀት ባለበት ስለመሆኑና የአንዳንድ ቢሮዎችን ንጽሕና ምስጢር ከዚህ አንጻር ስለመመርመር። ስጽፈው ወደ ስድብ እያዘነበለ ስላስቸገረኝ ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን የተውኩት የቀረብዎት ነገር እንዳለ እንዲያውቁት ብቻ ነው።

በእሱ ፋንታ ስለ ኦፓሊና አንድ ነገር ልንገርዎ፤ የሠራተኞችን ዕውቀት እንደሚያደንቁ በደብዳቤዎ ገልጸውልኛልና። ይህ አፍ የሌለው ፍጥረት ዓመቱን ሙሉ በእንቁራሪቷ ሆድ ጸጥ ብሎ ይኖራል። እሷ እንቁላል ልትጥል ወደ ውሃ የምትወርድበት ወቅት ሲደርስ ግን በደሟ ውስጥ ያለውን ለውጥ ቀድሞ ያውቃል። ተከፋፍሎ ያንሳል፣ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ውሃው ውስጥ ይጠብቃል፤ ገና ጭራዋ ያልወደቀ የእንቁራሪት ልጅ ስትበላውም በእሷ ሆድ ኑሮ ይጀምራል። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ አብሮ አደግ ነው እንጂ ከመንገድ የገባ አይደለም። በመድኃኒት ላጥፋው ብንል የምንጎዳው እንቁራሪቷን ነው። «ባሉበት ቢቆዩ ችግር የለም» ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነበር።

እናቴም የእኔን ነገር የምታውቀው እንደዚያ ነው። ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬ ደጃፉን ሲረግጥ ከማን ጋር እንደተጣላሁ ትነግረኛለች። ሰሞኑን በተከታታይ የእርስዎን ስም እየጠራች ስለሆነ ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም።

በሙያዬ ጎጂ የሚባለው ጥገኛም አለ፤ መለያውም አስተናጋጁ እየከሳ እሱ መወፈሩ ነው። ይህን የምለው ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ነው። የገንዳው ሞተር ማስጠገኛ የለም ተብሎ እንቁራሪቶቹ በባልዲ ውሃ ሲቀዳላቸው በሰነበቱበት ወቅት፣ የቢሮዎ ምንጣፍ ከቡናማ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴም ተመልሶ ወደ ቡናማ ስለመለወጡ አንዳች አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም። እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች የሚለውን ተረትም ሳነሣ ስለ እንቁራሪት ብቻ መሆኑን እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ።

አንወጣም።

ይህን በረጅም የአክብሮት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ ሲረዝም የሚለምን ይመስላል። እኔ እየለመንኩ አይደለም። በወሩ መጨረሻ ዘበኛ ይላኩ፣ ጋን ያዘለ ሰው ይላኩ፣ ከፈለጉ ራስዎ ይምጡ፤ እናቴ ደጃፏ ላይ፣ ወንበሯ ላይ ትጠብቅዎታለች፤ እኔም አጠገቧ ነኝ። የሾፌሩ አባት፣ የበረኛው አማች፣ የጽሕፈት ሠራተኛዋ እኅትም ወንበራቸውን አውጥተው ለመቀመጥ ተነጋግረዋል፤ ሁሉም በጥናቴ የተረጋገጠላቸው ነባር ጥገኞች ናቸው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩም አንድ እርማት አድርጌበታለሁ። «አፍ የላቸውም» የሚለው ለኦፓሊና ብቻ ያገለግላል። በግድግዳው በዚህኛው በኩል ያሉት አፍ እንዳላቸው በማይክሮስኮፕ ማየት አላስፈለገኝም፤ ሰሞኑን ስለ እርስዎ የሚሉትን መስማቱ በቂ ነው።

እኔን ከሥራ ሊያሰናብቱኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አስተናጋጅ የሌላት ጥገኛ በቤቱ ልትቀር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቅጽ የለዎትም። ስለዚህ ሲያስቡበት የቤቶች ክፍልን፣ የሕግ ክፍልንና አንድ መዝገበ ቃላትን እንዲያማክሩ በትሕትና እመክራለሁ።

በመጨረሻ ምስጋና ይቀረኛል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጻፍኳቸውን ሪፖርቶች የሚያነብ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ኖሬአለሁና፣ ቢያንስ የአንዱን ገጽ ግማሽ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቶቼን ለዓመታት በውሃ ተራ ምክንያት ከመኮራረፍ አውጥተው በአንድ ቀን ስላስታረቁልኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ከዓይኗ መጥፋት ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም ነበርና፣ ለዚያ ሳቅ ደግሞ የእውነቴን አመሰግናለሁ።

የማኅተምዎ ክብ የማይጠብብዎ፣ ምንጣፍዎ በቀለሙ የሚጸና፣ የሚያነቡትም ነገር ሁሉ ባለ አንድ ገጽ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ያለ ምንም ዓይነት ኩርፊያ፣

አክባሪዎ፣
የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣
የእንቁራሪት ቤት ተወላጅ፣ የጠርሙስ አጣቢዋ ልጅና ጥገኛ

ግልባጭ፦
ለቤቶች ክፍል
ለጽዳትና ፀረ ተባይ ክፍል፣ ከምስጋና ጋር
ለእንቁራሪቶቹ፣ በቃል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ስለ እናቴ ዝምታ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ እየሞቀች ራሷ ጀመረችው። «ያ አፍ የለሽ ልጅ ነው የፈረመው?» አለችኝ። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ የማስታውሰው የተሸፋፈነ ነገር ነው፤ በመጨረሻው ክፍል ያኔ የነበረው ሾፌር ዘንድ ለትምህርት መጥቶ መሬት ላይ የሚተኛ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ፣ ሰላም ሲሉት እንኳ ራሱን ብቻ የሚነቀንቅ የእኅቱ ልጅ። ግቢው በሙሉ አፍ የለሽ ይለው ነበር። ያልተመዘገበ ጥገኛ ይውጣ ተብሎ አስተዳደሩ በየክፍሉ ሲዞር፣ ሾፌሩ ፈርቶ ዝም አለ፣ ልጁም እንደ ልማዱ ዝም አለ። እጇ ሳሙና እንደሆነ ሮጣ መጥታ «ይህ ልጅ የእኔ ነው፤ በእኔ ጻፉት» ያለችው እናቴ ነች፤ ትምህርቱን እስኪጨርስም ከእኔ ጋር የእሷ ጥገኛ ተብሎ ተመዝግቦ ኖረ።

ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «ጻፊው፣ እውነት ነው፤ ግን ስሙን አትጥሪበት፤ ያ ልጅ ቶሎ ያፍር ነበር» አለችኝ። ስለዚህ፣ ክቡር ዳይሬክተር፣ ስምዎን በዚህ ደብዳቤ ላይ የትም አላሰፈርኩም። ማፈሩን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።